ቆራጣ ወለተ ጴጥሮስ፦ ከተማ የሆነው ገዳም እና የኅዳር 17 የታሪክ ሰሌዳዎች

ጣና ዳር (ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለመጪው ኅዳር 17፣ የ17ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሲትና ቅድስት ለሆነችው ለእናታችን ለወለተ ጴጥሮስ የዕረፍት በዓል፣ ጣና ዳር ባለችው ቆራጣ ላይ አራት የታሪክ ሰሌዳዎች ለማቆም፣ እነዚያኑ በትንሽ ዐውደ ርእይ ባሕር ዳር ላይ ለማሳየት ዝግጅት ተጀምሯል። ደብሩ በቃል ፈቅዷል፤ የጽሑፍ ፈቃዱ በሰበካ ጉባኤው በኩል እየተጠበቀ ነው። ገንዘቡም ይገኛል። ራስ ምታት የሆነው ጽሑፉ ነው።

በየዓመቱ ከበዓሉ በፊት በስልክ የሚዘዋወር አንድ ወረቀት አለ፤ ሁላችሁም አይታችሁታል። «ወለተ ጴጥሮስ በ1642 ዓ.ም. ቆራጣን መሠረተች፤ በዚያው ዐረፈች፤ በዚያው ተቀበረች» ይላል። በአንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት ግድፈት። ቆራጣ ገድሏ መሠረተቻቸው ብሎ ከሚቆጥራቸው ሰባት የመነኮሳት ማኅበራት ውስጥ የለም። ሰባቱ ዠበይ፣ ጫንቋ፣ ምጽሌ፣ ዘጌ፣ ደምቦዛ፣ አፈር ፈረስ እና ዛቦል ናቸው። የተቀበረችው ሬማ ደሴት ነው። ቆራጣ የመጣው ከእሷ በኋላ፣ ልጆቿ ማለትም ማኅበሯ ተሰብስቦ ሲረጋ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ደግሞ ለባለሙያው እተወዋለሁ።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። በዓሉ ቅድስቲቱን በሚገባ ያስባል፤ ቅዳሴው፣ ማኅሌቱ፣ ገድሉ አለ። ማንም የማያስበው ከተማውን ነው። ባሕር ዳር ገና የጊዮርጊስ ደብር ዙሪያ ያለ የባሕር ዳርቻ መንደር ሳለች፣ በጣና ዙሪያ ከተማ ተብሎ የሚጠራው ቆራጣ ነበር። ያ ከተማ ደግሞ ከገበያ ወይም ከጦር ሰፈር አልተነሣም፤ ከገዳም ነው የተነሣው። ሰሌዳዎቹ ይህን ካልተናገሩ ገድሉን አሳጥሮ ከመድገም አያልፉም። የምታውቁትን አምጡ።

ባሕረ ሐሳብ

ዓመቱን እንጨርሰው፤ ቀላል ነው።

ዕረፍቷ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ነው። 1642 የፈረንጁ ቁጥር ሲሆን አንድ ሰው «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ጥሎ «ዓ.ም.» ለጠፈበት፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ቀዳ። ሰባት ዓመት ይሳሳታል።

ማስተማመኛ የሚፈልግ በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር፣ ይሥራው። 5500 ሲደመር 1635፣ ዓመተ ዓለም 7135። ለ4 ሲካፈል 1783 ይደርሳል፣ 3 ይተርፋል፤ የሚተርፈው የዓመቱን ወንጌላዊ ያሳያል፣ 3 ሉቃስ ነው። ቀጥሎ 7135 ሲደመር 1783፣ 8918። ለ7 ሲካፈል ምንም አይተርፍም፤ ባዶ ሲሆን መስከረም 1 ሰኞ ይውላል። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 17 ያለው 76 ቀን ነው፤ 76 ለ7 ተካፍሎ 6 ይተርፋል። ከሰኞ ስድስት ቀን ቁጠሩ፦ እሑድ። እንግዲህ ዘመነ ሉቃስ፣ ኅዳር 17፣ እሑድ። የትኛውም ቅጂ ላይ ዓመቱ ወይም ዕለቱ ከዚህ ተለይቶ ካገኛችሁት የጸሐፊ ስሕተት እንዳለ ጠርጥሩ።

የፈረንጁ ቀን ላይም ተጠንቀቁ። በመጻሕፍት ኖቬምበር 23 ቀን 1642 ተብሎ ታገኙታላችሁ፤ አስጎብኚዎች ደግሞ ኖቬምበር 26 ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መስከረም 1 የሚውለው በጎርጎርዮሳዊው ሴፕቴምበር 8 ነበር፤ ዛሬ ሴፕቴምበር 11 ነው። ስለዚህ የታሪኩን ቀን ስትጽፉ 23፣ የዘንድሮን በዓል ስታስታውቁ 26 ነው። ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን 27 ይሆናል፤ ለምሳሌ በ2020 ዓ.ም.። ሰሌዳው ብዙ ዓመት የሚቆም ስለሆነ «ኅዳር 17» ብቻ በሉና ገላገሉ።

አንድ ልጨምር። ገድሉ ዕድሜዋን 50 ይላል፤ 24 ዓመት በዓለም፣ 26 ዓመት በምንኵስና። ከ1635 ላይ 26 ስትቀንሱ 1609 ይመጣል። ይህ አቡነ ስምዖን በጦርነት ላይ የተገደሉበት ዓመት ነው፤ ባሏን ጥላ መውጣቷም ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ይታረቃሉ።

ብራና

ገድሉን ለመጥቀስ የምታስቡ፦ የጻፈው ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ነው፤ የጻፈውም በ1665 ዓ.ም.፣ ከዕረፍቷ 30 ዓመት በኋላ። ይህ ሰሌዳው ላይ መግባት አለበት፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ያነጋገራቸው ሰዎች እሷን በዓይናቸው ያዩ፣ አብረዋት የበሉና የተሰደዱ ናቸው። ከሁለትና ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የተጻፉ ብዙ ገድሎች እያሉን ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ነውር ነው።

ስለ ሕይወቷ ለሰሌዳ የሚበቃው ይህ ይመስለኛል። በ1585 ዓ.ም. ገደማ ከአባቷ ከባሕር ሰገድና ከእናቷ ከክርስቶስ ዕበያ ተወለደች። የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል የነበረው መልክዐ ክርስቶስ አገባት፤ የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱ። መነኮሰች። ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት ሲቀበል ተቃወመች፤ በአደባባይ ተከሰሰች፤ በምዕራብ ቆላ ወደ ዠበይ ተግዛ ሦስት ዓመት ቆየች። የመጀመሪያው ማኅበሯ የተሰበሰበው በዚያው በግዞት ነው። ሰኔ 1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ ሃይማኖቱን መልሶ መንግሥቱን ለፋሲለደስ ሲለቅ እሷ በጣና ዙሪያ ነበረች። ስትሞት ማኅበሩን ለእኅተ ክርስቶስ አደራ ሰጠች።

እኅተ ክርስቶስን እንዳትዘሉ። ስደቱንም፣ ረኃቡንም፣ ጀልባውንም አብራ ያየች ባልንጀራዋ ናት። ማኅበሩ መሪው ሲሞት እንዳይበተን የያዘችው እሷ ባትሆን ቆራጣ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። የሚዘዋወረው ወረቀት ላይ ስሟ የለም።

ስለ ፎቶ፦ ከደብሩ ዕቃ ቤት መጽሐፍ ለማንሣት ከተፈቀደላችሁ ቄሰ ገበዙ ባሉበት፣ እሳቸው ራሳቸው እየገለጡ ይሁን። ብራና በግድ ተዘርግቶ አይነሣም። መጽሐፉ ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ብቻ ተከፍቶ ሁለቱ ገበታዎች በተጠቀለለ ነጠላ ይደገፉ፤ አለዚያ ጀርባው ላይ ያለው ስፌት ይበጠሳል። ፍላሽ የለም። በመስኮት የሚገባ ብርሃን ላይ ነጭ ጨርቅ ጋርዱ፤ ከጎን ይምጣ፤ ከላይ ከመጣ ቀለሙ ያብረቀርቅና ፊደሉ ይጠፋል። ጓንት አያስፈልግም፤ ጨርቅ ጓንት የቅጠሉን ጫፍ ይይዝና ይቀድደዋል። ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ይሻላል። ከሥዕሉ በፊት የመጨረሻውን ቅጠል አንሡ፤ ያስጻፈው፣ የጻፈው፣ የነገሠው ስም የሚገኘው እዚያ ነው።

የመጽሐፉን ፎቶ ከነቦታው ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ ግን ለሌባ አድራሻ መስጠት ነው። ሰሌዳው ላይ አንድ ሐረግ ወይም አንድ ገጽ ይበቃል፤ «በደብሩ ዕቃ ቤት ይገኛል» የሚልም አይጻፍበት።

የደራ ልጅ

ጣና ዳር፣ ጥሩ ነገር ነክተሃል። ከተማ ነበር ስንል ማስረጃው ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው ይህን በሉት።

አንደኛ፣ መንገዱ። ከጎንደር ወርዶ በይፋግ ገበያ በኩል የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ቆራጣን ረግጦ፣ ዓባይን ከጢስ ዓባይ በታች በአላታ ድልድይ ተሻግሮ ነው ወደ ጎጃም፣ ከዚያም ወደ ባሶ ገበያ የሚወርደው። ከዚያ ወዲያ እናርያና የደቡብ ምዕራቡ አገር ነው። ወደ ላይ ቡና፣ ሰም፣ ዝባድ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ይወጣል፤ ወደ ታች አሞሌ ጨውና የባሕር ማዶ ጨርቅ ይወርዳል። ከዘጌ ደግሞ ቡናው በታንኳ ይመጣል።

ሁለተኛ፣ መማጸኛነቱ። ቆራጣ ደም ያለበት፣ ንጉሥ የተቆጣው፣ ዕዳ ያሳደደው ሰው የሚጠለልበት ቦታ ነበር። ለነጋዴ ይህ ወርቅ ነው። በዘመነ መሳፍንት ጦር ሲያልፍ ዕቃህን የት ታኖራለህ? ሊዘረፍ የማይደፈር ቦታ ታኖራለህ። ስለዚህ ገዳሙ ነጋዴውን ሳበ፤ ነጋዴው ከተማውን ሠራ። ክብሩን ለመግለጽ አንድ ነገር ይበቃል፦ ከንጉሡና ከጳጳሱ በቀር ማንም በበቅሎ ወይም በፈረስ ተቀምጦ ወደ ከተማው አይገባም ነበር፤ ራሱ ደጃዝማች ቢሆን ወርዶ በእግሩ ይገባል።

ሦስተኛ፣ የዓይን ምስክር። በየካቲት 1858 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1866) የእንግሊዝ መልእክተኛው ራሳም ዐፄ ቴዎድሮስ ባዘዙት መሠረት ቆራጣ ተቀምጦ ከመቅደላ የሚፈቱትን እስረኞች ጠበቀ። እስረኞቹ በመጋቢት ደረሱ። በሚያዝያ ዘጌ ላይ ሁሉም እንደገና ተያዙ። አብሮት የነበረው ሐኪሙ ብላንክ ቆራጣን የቀሳውስትና የነጋዴዎች ከተማ ብሎ ገልጾታል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የንጉሡ ሠራዊት ቆራጣ አጠገብ ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገባ፤ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ፤ ሠራዊቱም ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ተነሣ።

ለሦስተኛው ሰሌዳ እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ።

ደብረ ሰላም

ወንድሞች፣ የቅድስቲቱ በዓል ቀን የሚነበብ ጽሑፍ ላይ የባሪያ ንግድና ኮሌራ ምን ያደርጋል? ሰው ለበረከት መጥቶ። ታሪክ ነው ብዬ አልክድም፤ ግን ቦታ ቦታ አለው። ገዳሙ ሲከብር ይነገር፣ የቀረው በመጽሐፍ ይቅር።

የደራ ልጅ

ደብረ ሰላም፣ ስሜቱ ይገባኛል። ግን ሰሌዳው የሚቆመው ቅጥሩ ውስጥ አይደለም፤ ከባሕሩ ዳር ወደ ደብሩ በሚወጣው መንገድ ላይ ነው። ሲራራው ያለፈበት መንገድ ነው እሱ። «ቡና፣ ሰም፣ ዝባድ» ብለን ባሪያውን ብንዘለው ያነበበ ሁሉ ያስተውላል፤ ከዚያ በኋላ ሌላውንም አያምነንም። አንድ ቃል ነው የጠየቅሁት፤ ከሌሎቹ ሸቀጦች ጋር በተርታ ይግባ። ኮሌራው ቢቀር ግድ የለኝም፤ የከተማው ታሪክ ላይ ያመጣው ለውጥ የአንድ ወቅት ነው።

ጣና ዳር

በዚሁ እንስማማ። ባሪያው በዝርዝሩ ውስጥ ይገባል፤ ኮሌራው ለባሕር ዳሩ ዐውደ ርእይ ይተላለፋል። አራተኛው ሰሌዳ ላይ ማን ይረዳል? ከተማው ለምን ጠፋ የሚለው ነው። ሰው ሁሉ «ቴዎድሮስ አጠፋው» ብሎ ይዘጋዋል።

ሲራራ

አንድ ሰው ያጠፋው ከተማ አይደለም። እንደሚከተለው ነው የሟሸሸው።

ቆራጣ የጎንደር ጥገኛ ነበር፤ ጎንደር ሲደክም ደከመ። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል በመተማ በኩል ያለው ንግድ ተቆረጠ። ቀጥሎ መናገሻው ወደ ሸዋ ሄደ። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የደቡብ ምዕራቡ ቡና ወደ ሰሜን የሚወጣበት ምክንያት አለቀ። ያ ቡና ነበር በባሶና በአላታ አድርጎ ቆራጣ የሚደርሰው።

ጥቃቅኑ ንግድ ግን ቀጥሎ ነበር፤ የጣሊያን መንገድ መጣ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የወጣው የመኪና መንገድ በሐሙሲት አለፈ። ካርታ ያለው ይመልከት፦ ቆራጣ ከመንገዱ በስተ ምዕራብ ባሕሩ ዳር ቀረች። የጭነት መኪና ባሕር ዳርቻ ድረስ ወርዶ ከታንኳ ዕቃ አይጭንም። ገበያው ሐሙሲት ሄደ፤ ወደቡ ባሕር ዳር ሄደ፤ በ1950ዎቹ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ እዚያው ሲቆሙ ወጣቱም ሄደ።

የመጨረሻው የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ገዳም የሚቆመው በመሬቱ ነበር፤ ቀዳሹ፣ ደብተራው፣ መነኮሳይቱ የሚበሉት ከእሱ ነው። መሬቱ ሲወረስ አገልጋይ ተበተነ። ስለዚህ አራተኛው ሰሌዳ ላይ አንድ ንጉሥ ሳይሆን ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የንግድ አቅጣጫ፣ የመኪና መንገድ፣ መሬት።

ኖራና ድንጋይ

ጽሑፉን ጨርሳችሁ ወደ እኔ ሠፈር ስትመጡ ብዬ ስጠብቅ ነበር።

ቆራጣ ኮረብታው ላይ የቤት መሠረትና የካብ ቅሪት የሚመስል ነገር ስታገኙ የመጀመሪያው ትእዛዝ፦ አትንኩ፣ አትቆፍሩ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈር ወንጀል ነው፤ ከዚህም በላይ አንዴ የተገላበጠ ድንጋይ ምንም አይነግርም። የሚደረገው በስልክ ጂፒኤስ ነጥብ መያዝ ነው። ስልክ እስከ 5 ሜትር ድረስ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ግድግዳ ከሁለት ጫፍ ያዙ። ርዝመቱን በሜትሮ፣ ውፍረቱን በተለያየ ቦታ ለኩ። ፎቶ ላይ የ20 ሳንቲ ሜትር ምልክት ያለበት በትር ይታይ። ሰሜን የት እንደሆነ ጻፉ። ይህን ሳያደርጉ የተነሣ ፎቶ «ድንጋይ» ብቻ ነው።

ማያያዣው ጭቃ ነው ወይስ ኖራ የሚለውን ሰው ሁሉ ይጠይቃል፤ ኖራ ከተገኘ ወዲያው «ፖርቱጋሎች የሠሩት» ይባላልና። በኖራ መገንባት በአገራችን በሱስንዮስ ዘመን ቢስፋፋም ከካቶሊኮቹ መባረር በኋላ አልቆመም፤ የፋሲል ግንብ ራሱ ከእነሱ መሄድ በኋላ ነው። ኖራ ማለት ፖርቱጋል ማለት አይደለም።

መፈተኛው ይሄ ነው፦ ከግድግዳው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ከወደቀው ፍርፋሪ ምስር የምታህል ውሰዱ። በድንጋይ ዱቄት አድርጓት። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አኑራችሁ አንድ ሁለት ጠብታ ሎሚ ጣሉባት፤ ስልካችሁን አስጠግታችሁ እዩ። ደቃቅ አረፋ እየፈላ ከወጣ ኖራ አለ። ዝም ካለ ጭቃ ነው። ሁለት ነገር ያታልላል። አንደኛው የቀንድ አውጣ ስባሪ ነው፤ ባሕር ዳር ያለ አሸዋ ውስጥ አይጠፋም፣ እሱም ይፈላል። ሁለተኛው ሲሚንቶ ነው፤ ጠቆር ያለ አመድማ፣ በጥፍር የማይፋቅ ከሆነ የቅርብ ጊዜ ጥገና ነው። ሎሚውን ግድግዳው ላይ የሚጨምቅ ሰው ካየሁ ግን እጣላዋለሁ፤ ያበላሸዋል።

ለበዓሉ «እናሳምረው» ብሎ አሮጌ ካብ በሲሚንቶ የሚመርግ ሰው በየደብሩ አይጠፋም። ሲሚንቶ ውኃ አያስተነፍስም። ክረምት የጠጣውን እርጥበት ግድግዳው በመገጣጠሚያው ማውጣት ሲያቅተው በድንጋዩ በኩል ያወጣል፤ ድንጋዩ ይላጣል፣ ውስጡ ያለው ጭቃ ይታጠባል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ሲሚንቶው ቅርፊት ሆኖ ቆሞ ግድግዳው ከኋላው ይፈርሳል። ፈቃድ ተገኝቶ ከተጠገነ ጭቃው በጭቃ፣ ኖራው በኖራ። አንድ እጅ ሳምንታት የቆየ የተበረዘ ኖራ፣ ሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ፤ ከተመረገ በኋላ ቢያንስ ለሳምንት እርጥብ ጆንያ ይሸፈን። ፀሐይ ካደረቀው ዱቄት ሆኖ ይራገፋል።

አዲስ ገቢ

ሰሌዳው ራሱ ከምን ይሠራ? ባነር ርካሽ ነው ብለውናል።

ማተሚያ ቤት

ባነር ለሦስት ቀን ስብሰባ ነው። የጣና ፀሐይና ንፋስ አንድ በጋ አያሳልፈውም፤ ቀዩና ቢጫው ቀለም አስቀድሞ ይሄዳል፤ ሰማያዊ ጥላ ይቀራል። ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት ሰሌዳ) ጨርሶ አይታሰብ፤ እርጥበት ጠጥቶ እንደ ሊጥ ይነፋል። 4 ሚሊ ሜትር አሉኮቦንድ ላይ ስቲከር፣ በላዩ ግልጽ ላሚኔት። መጠኑ 120 በ80 ሳንቲ ሜትር ይብቃ። የላሚኔቱ ጠርዝ ከስቲከሩ አልፎ ወደ ኋላ ይታጠፍ፤ እኩል ከተቆረጠ ውኃ በጠርዙ ይገባና ይላጠዋል።

በአንድ ሰሌዳ ከ150 ቃል በላይ አታስገቡ። ሰው ቆሞ የሚያነበው ከአንድ ሜትር ተኩል ነው፤ የፊደሉ ቁመት ከ7 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ «ጨ» እና «ጩ» አይለዩም። በመስመሮች መካከል ሰፋ ያለ ክፍት ተዉ። የኒያላ ፊደል ቀጭን መስመሩ ከሩቅ ይጠፋል፤ አቢሲኒካ ይሻላል። ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይሩ፤ ማተሚያው ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ከሌለ ጽሑፉ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል፤ ያላየ ሰው እንዲሁ ያትመዋል። መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻዋን የቀረች ፣ ወይም ። ካለች ፕሮግራሙ ያወረዳት ናት፤ በእጅ መልሷት።

ኖራና ድንጋይ

እግሩን ደግሞ እኔ ልናገር። ባሕር ዛፍ አትትከሉ፤ ምስጥ ከመሬቱ ልክ ላይ ይቆርጠዋል። 50 በ50 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (የብረት ቱቦ)፣ አንቲረስት ተቀብቶ፣ የላይኛው ጫፍ በቆርቆሮ ተዘግቶ፤ ክፍት ከቀረ ዝናብ ውስጡ ይጠራቀምና ከሥር ያዝገዋል። ኮረብታው ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ይበቃል፤ ድንጋዩ ራሱ ይይዘዋል። ታች ባሕሩ ዳር ያለው ሜዳ ዋልካ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ዋልካ ክረምት አብጦ በጋ ይሰነጠቃል፤ ምሰሶውን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይገፋዋል። 80 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ሥሩን 20 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፣ በላዩ ኮንክሪት፣ ጎኑንም በጠጠር ሙሉት። ጉድጓዱ ውስጥ ሸክላ ወይም ግንብ ብቅ ካለ አቁሙና ምሰሶውን ሌላ ቦታ ውሰዱት።

ታንኳ

ስለ ዕለቱ ራሱ ማንም አላነሣም።

ኅዳር 17 ጾመ ነቢያት ከገባ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ጾሙ ኅዳር 15 ይያዛል። ስለዚህ ዝክሩ የጾም ነው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ጠላ። ከባሕር ዳር በሬ ገዝቶ የሚመጣ በጎ አድራጊ እንዳይኖር አስቀድማችሁ ተናገሩ። ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ሰሌዳውን ማስመረቅ የሚሻለው ከማኅሌቱ ፍጻሜ በኋላ፣ ከቅዳሴ በፊት ባለው ጊዜ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ዝክር በልቶ ወደ ቤቱ ለመድረስ ይቸኩላል፤ ንግግር የሚሰማ የለም።

በባሕር ለሚመጣ፦ ቆራጣ ከባሕር ዳር በቀጥታ መስመር 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሡ። ጣና ጠዋት ወለል ነው፤ ከቀትር በኋላ ንፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ከጎን ይመጣል፤ ሰው የሞላ ጀልባ ያኔ ነው የሚያስፈራው። ወይ ከ8 ሰዓት በፊት ተመለሱ፣ ወይ እዚያው እደሩ። የሕይወት አድን ጃኬት በሰው ልክ ይቆጠር። ኅዳር ላይ የባሕሩ ውኃ ገና አልጎደለም፤ ዳርቻው ረግረግ ነው፤ ሞተሩ ሣር ይጠቀልላል። የመጨረሻውን ርቀት ሞተር አንሥታችሁ በዘንግ ግፉ። ንፋስ የገፋው እምቦጭ ካለ በላዩ ለማለፍ አትሞክሩ፤ ዙሩት።

ሬማን ለመሳለም የሚፈልግ ከቆራጣ በፊት ይሂድ እንጂ በኋላ ብሎ አይቅጠር፤ ሰዓቱ አይበቃም።

ለባሕር ዳሩ ዐውደ ርእይ ደንገል ታንኳ ልናቆም ነው የሚሉ ሰዎች ሰምቻለሁ። ታንኳ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ በየቀኑ ወጥቶ ቆሞ ካልደረቀ ይበሰብሳል። ቤት ውስጥ ደግሞ ሲደርቅ ማሰሪያው ይላላል። ሙሉ በሙሉ የደረቀውን አቁሙ፤ ማሰሪያውን እዚያው እንደገና አጥብቁ፤ ሕፃናት እንዳይቀመጡበት ገመድ ይኑር።

ብራና

ስለ አዛውንቶቹ አንድ ነገር ቀርቷል። ስለ ከተማው የሚያስታውሱ ሲጠየቁ «መቼ ነበር?» አይባልም፤ ዓመት አይነግሯችሁም። «ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው በኋላ? የሐሙሲት ገበያ ቆሞ ነበር? መሬት ከተወረሰ በኋላ ነው?» በሉ። ዘመኑን ራሱ ታገኙታላችሁ። «እዚህ የማን ቤት ነበር? ምን ይሸጥ ነበር? ውኃ ከየት ይቀዳ ነበር?» የሚለው ደግሞ ከ«ታሪኩን ይንገሩን» ይልቅ አሥር እጥፍ ይወጣዋል። «ታሪኩን» ካላችሁ ገድሉን ይደግሙላችኋል፤ እሱ በእጃችን አለ። እየተራመዱ፣ ቦታው ላይ ቆመው ቢናገሩ ይመረጣል። ድምፁን ስትቀዱ መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና ፈቃዳቸውን አስገቡ። እማሆዮችን አትርሱ። ይህ ገዳም በሴት የተጀመረ ማኅበር ነው፤ ቀሳውስቱን ብቻ ጠይቆ መመለስ ግማሹን ትቶ መምጣት ነው።

ደብረ ሰላም

አሁን ተስማምቻለሁ ማለት ይቻላል። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ የመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ ስለ ሱስንዮስ ሲጻፍ ስድብ አይግባ። ካቶሊክ ጎብኚም ያነበዋል፤ የኛም ልጆች ያነቡታል። የሆነውን ብቻ እንበል።

ጣና ዳር

እንዲያ ነው የሚጻፈው። እስካሁን የተሰጠው ተካቶ የመጀመሪያው ሰሌዳ ይህን ይመስላል፤ እርሙት፦

«ወለተ ጴጥሮስ (1585–1635 ዓ.ም.)። የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል የመልክዐ ክርስቶስ ባለቤት ነበረች። በ24 ዓመቷ መነኮሰች። ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት ሲቀበል ባለመታዘዟ ተከሳ ለሦስት ዓመት ወደ ዠበይ ተጋዘች። በግዞትና በጣና ዙሪያ ሰባት ማኅበራትን መሠረተች። ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች፤ ሬማ ተቀበረች። ማኅበሩን ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ መራች። ይህ ማኅበር ኋላ በቆራጣ ረጋ፤ የቆራጣ ከተማም በዙሪያው አደገ። ገድሏን ገላውዴዎስ በ1665 ዓ.ም. ጻፈው።»

ባሕረ ሐሳብ

«1585» ላይ «ገደማ» ጨምር፤ የዕረፍቷ ዓመት የተቆረጠ ነው፣ የልደቷ ግን ከ50 ዓመት ዕድሜዋ ተቀንሶ የተገኘ ነው። ሌላው ልክ ነው።

ማተሚያ ቤት

ከ60 ቃል ብዙም አያልፍም፤ ቦታ አለህ። የሰባቱን ማኅበራት ስም በሥሩ በትንሽ ካርታ አስገባው። ግን ቦታቸው በደንብ የሚታወቀውን ብቻ በነጥብ አስቀምጥ፤ የቀሩትን በስም ብቻ ተዋቸው። ካርታ ላይ የተሳሳተ ነጥብ ከተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ይልቅ ለማረም ያስቸግራል፤ ሰው ፎቶ አንሥቶት ይሄዳል። ፋይሉን ከኅዳር 1 በፊት ላክ፤ የሙከራ አንድ ሰሌዳ ታትሞ ውጭ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ቆሞ ሳይታይ አራቱ አይታተሙም።